በስምንት ሰዓት ፀሐይ የተለካ ጭንቅላት

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ስልክ ደወለልኝ። አነጋገሩ ጨዋ ነው፤ አሳዳጊው ይባረክ። የተማርኩበት ኮሌጅ የሥነ ልቦና ትምህርት ክፍል የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር መጽሔት እያዘጋጀ መሆኑን ነገረኝ። "ከድሮዎቹ ተማሪዎች የቀራችሁት ጥቂት ናችሁና ሁለት ገጽ ጣፋጭ ትዝታ ቢጽፉልን" አለ። ቀጠለና "በተለይ ድሬዳዋ ላይ ስለተሠራው ጥናት። የክፍላችን የመጀመሪያው የመስክ ጥናት እሱ ስለሆነ ከዶክተሩ ፎቶግራፍ ጋር መጽሔቱ መሐል ላይ ይወጣል" አለኝ። ልጁ መስመሩ የተቋረጠ መስሎት "ሄሎ፣ ሄሎ" ይላል። "እጽፋለሁ" አልኩት፤ "ጣፋጭነቱን ግን እኔ እንጃ።"

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። አብዮቱ ከሰልፍና ከመፈክር አልፎ የዕለት ኑሯችን የሆነበት ጊዜ ነው፤ የሰዓት እላፊ አለ፣ የቀበሌ ጥበቃ አለ፣ ከከተማ ከተማ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት አለ። እኔ የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። ከጉልበቱ በታች እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ሱሪዬን ለብሼ፣ ፀጉሬን አጎፍሬ፣ አዲስ አበባ ለገሃር ባቡር ላይ ስወጣ ከእኔ በላይ የተማረ ያለ አይመስለኝም ነበር። አባቴ የባቡር ወርክሾፕ በያጅ ስለነበር ለትኬት ተጨንቄ አላውቅም። ድሬ ስንደርስ የጣቢያውን በር ወጥቶ የከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ውስጥ መግባት፣ በስሙኒ ጋሪ ተሳፍሮ የፈረሱን ቃጭል እየሰሙ ቤት መድረስ! ሳምቡሳ በአስር ሳንቲም ነበር፤ በወረቀት ጠቅልለው ይሰጡሻል፣ ወረቀቱ ዘይት ጠጥቶ ፊደሉ ሁሉ ይታይበታል። አንዱ ሻይ ቤት የሱማሌ ዘፈን ይለቃል፣ ጎረቤቱ የአማርኛ፤ መሐል ላይ የቆመ ሰው ሁለቱንም እኩል ያንጎራጉራል። ዛሬ ጋሪው በባጃጅ ተተክቷል። ባጃጅ ክፉ ነው አልልም፤ ብቻ ቃጭል የለውም።

የቤታችን ሦስተኛ ጎረቤት ጋሼ ዩሱፍ የሚባሉ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ልጃቸው ሰዓዳ ያን ጊዜ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሽቲ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻሿን ወደ ኋላ ገፍታ፣ ሁልጊዜ እየሮጠች ነው የምትመጣው። እናቴ "የቤቴ አስተርጓሚ" ትላት ነበር፤ ከመልካ ጀብዱ ወተት ይዘው ከሚመጡት ሴቶች ጋር በሱማልኛ፣ ከአትክልት ሻጮቹ ጋር በኦሮምኛ፣ ከጨርቅ ነጋዴዋ ጋር በአደርኛ፣ ከእናቴ ጋር በአማርኛ ትነጋገርላታለች። ይህን ሁሉ ማንም አላስተማራትም። እናቴ ገና ጣቷን እየቆጠረች ሳለ የሦስት ሰው ሒሳብ በቃሏ ደምራ ትነግራታለች። "ይቺ ልጅ ሐኪም ነው የምትሆነው" ይሏት ነበር ጋሼ ዩሱፍ። በዚያ ሰፈር ይህን የሚጠራጠር ሰው አልነበረም።

የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው ዶክተር ኅሩይ ጠርተው "የድሬዳዋ ልጅ ነሽ አይደል?" ያሉኝ። ዶክተር ከውጭ አገር ተምረው የመጡ፣ በተማሪው ዘንድ ስማቸው በሹክሹክታ የሚጠራ ሰው ነበሩ። አንድ ትልቅ የእንጨት ሣጥን ሙሉ መፈተኛ ይዘው መጥተዋል፦ ሥዕል ያለበት ደብተር፣ ባለቀለም ኩቦች፣ አንገታቸው ላይ እንደ ሜዳይ የሚያንጠለጥሉት የሩጫ ሰዓት። ልጁ ሥዕሉን አይቶ ኩቦቹን በዚያው ዓይነት ይደረድራል፤ ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት ይመዘገባል። የአዲስ አበባ ልጆችን ፈትነው ጨርሰዋል፤ አሁን ቆላ ወርደው የድሬን ልጆች መፈተንና ማነጻጸር ፈልገዋል። የእኔም የመመረቂያ ጽሑፍ ከዚያው ጥናት እንደሚወጣ ነገሩኝ። ደስታዬን አልደብቅም፤ ለእናቴ ደብዳቤ ስጽፍ "ረዳት ተመራማሪ ሆኛለሁ" አልኩ።

በግንቦት ወረድን። ግንቦትን በድሬ ያላየ ሰው ይህን ይወቅ። ከተማዋ በስድስት ሰዓት ትዘጋለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ቢሮው ይዘጋል፣ ባለጋሪው ፈረሱን ጥላ ውስጥ ፈቶ ይተኛል። ወንዶቹ ፍራሽ ላይ ጋደም ብለው የጫት በርጫቸውን ይይዛሉ፤ እናቶች ሲሚንቶው ላይ ውኃ ረጭተው ልጆቻቸውን ደርድረው ያስተኛሉ። ወደ አስር ሰዓት ግድም ነፋስ ሲመጣ ሁሉም ፊቱን ታጥቦ እንደ አዲስ ይጀምራል። ትምህርት የሚሰጠውም ጠዋት ብቻ ነው። ስንፍና እንዳይመስላችሁ፤ ከዚያች ፀሐይ ጋር ለመኖር አባቶቻችን የተዋዋሉት ውል ነው። አባቴ "በስምንት ሰዓት መንገድ ላይ የምታዪው ሰው እብድ ነው፤ እብድ ካልሆነ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው" ይል ነበር።

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር የዶክተርን ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበቡና ከወንበራቸው ተነሡ። "ቤተ መጻሕፍቱን እለቅላችኋለሁ፤ ወፍራም ግድግዳ ስላለው ይቀዘቅዛል። ልጆቹን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ በየተራ እልካለሁ" አሉ። ዶክተር ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ጠዋት ጠዋት ሌላ ጉዳይ አለኝ። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ይሁን።"

ቤተ መጻሕፍቱ ከሰዓት በኋላ ይቆለፋል፤ ቁልፉን የሚይዘው ጸሐፊ ይተኛልና። የቀረው በቆርቆሮ የተሠራው አዲሱ ክፍል ነው። ርዕሰ መምህሩ እኔን አዩኝ፤ የአገሬው ልጅ ነሽና አንድ ነገር በያቸው ማለታቸው ነበር። ስንወጣ አልኩ፤ አላልኩም አይባልም።

"ዶክተር፣ በስምንት ሰዓት እዚህ የሚነቃ ልጅ የለም።"

"እኛ የምንለካው አእምሮን ነው፣ የእኔ እመቤት። የአየር ጠባይ የሚለኩ ሌላ መሥሪያ ቤት አላቸው።"

በቀልዳቸው ራሳቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ዛሬም ድረስ ያ ሳቄ ትዝ ሲለኝ ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

የጠዋቱ ጉዳይ ምን እንደሆነ በማግሥቱ ዐወቅሁ። ኮንትሮባንድ ነው። ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ድሬ የወረደ ሹም ሁሉ፣ ለስብሰባም ይምጣ ለለቅሶ፣ መጋላ ገበያን ሳይረግጥ አይመለስም። ገበያው ደግሞ ክፍት የሚሆነው ጠዋት ነው። ዶክተር ሙሉ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ላባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፣ ሴቶቹ ከጀርባ መጋረጃ ገልጠው የሚያወጡትን ጨርቅ፣ ሽቶ፣ ባለሁለት ካሴት ቴፕ ያገላብጣሉ። አስተርጓሚና ተከራካሪ እኔ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ለዶክተር ባለቤት የቀሚስ ጨርቅ ስከራከር አረፍዳለሁ፤ ቀትር ላይ ገበያው ሲዘጋ "በይ፣ ወደ ሥራችን" ይሉኛል። አንድ ከተማ ሙሉ ሕፃናት ከእንቅልፋቸው የተቀሰቀሱት ለዚህ ነው። መጽሔታችሁ ላይ ይህን የጥናት ዘዴ በምን ርዕስ እንደምታስገቡት አላውቅም።

ቆርቆሮው ክፍል ውስጥ አየሩ ዳቦ መጋገሪያ ነው። ልጆቹ ከምሳ እንቅልፍ ተጎትተው፣ አሸዋው እግራቸውን እየፈጀው የደቻቱን ደረቅ ወንዝ አቋርጠው ይመጣሉ። የሚጨብጡት ኩብ ከላባቸው የተነሣ ይሟልጫቸዋል። የሥዕሉ ገጽ ክንዳቸው ላይ ተጣብቆ ይነሣል። በሚገባቸው ቋንቋ እንዳላስረዳቸውም ተከልክያለሁ፤ መመሪያው እንደተጻፈው አንድ ጊዜ ብቻ ይነበባል። ሰዓዳ የገባችው በሦስተኛው ቀን ነው። ስታየኝ ሳቀች፤ ስሜን አቆላምጣ "ጢሩ!" ልትል ስትል ዶክተር ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። የመጀመሪያውን ሠራች። ሁለተኛውን ጀምራ ኩቡን በእጇ እንደያዘች ዓይኗ ተከደነ፣ ተገለጠ፣ ተከደነ። በሦስተኛው ላይ ጉንጯን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። ዶክተር የሩጫ ሰዓታቸውን አልዘጉም። እስከ መጨረሻው ቆጠሩና በቀይ እስክሪብቶ ጻፉ። ከትምህርት ቤቱ በሙሉ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ነበረች።

እሑድ ጠዋት ሣጥኑ እኔ ዘንድ አድሮ ነበር። ከቅዳሴ መልስ ሰዓዳንና ስድስት የሰፈር ልጆችን ግቢያችን ውስጥ ከዛፉ ሥር ሰብስቤ ያንኑ ፈተና ሰጠኋቸው። ሥዕሎቹን አንዴ አይተዋቸዋልና ፍጹም ንጹሕ መለኪያ ነው አልልም፤ ይህን ያህል ተምሬያለሁ። ስለዚህ በቆርቆሮው ክፍል ያልደረሱባቸውን ገጾች መርጬ ሰጠኋቸው። ሰዓዳ እኔ የሩጫ ሰዓቱን አስተካክዬ ሳልይዝ ጨርሳ "ቀጥሎስ?" ትላለች። ሌሎቹም እንደዚያው። ካዲስ አበባዎቹ የሚያንስ አንድም አልነበረም። በደስታ ፈነጠዝኩ። ጥናት ማለት ይህ ነው፣ ስሕተት አገኘን፣ እናርመዋለን አልኩ። ሁሉንም ጽፌ፣ ፈርሜ፣ በፖስታ አሽጌ ሰኞ ለዶክተር ሰጠሁ። "አየዋለሁ" አሉኝ።

ማክሰኞ ባቡር የሚሳፈሩ ስለሆነ ዕቃ ላግዛቸው ሆቴል ሄድኩ። ሣጥኑ አልጋው ላይ ተከፍቶ ጨርቁ፣ ሽቶው፣ ቴፑ ከኩቦቹ መሐል ይደረደራል። የኮሌጁ ማኅተም ያለበትን የጥናት መሣሪያ ሣጥን ኬላ ላይ ማንም ፈታሽ አይከፍተውም። ክዳኑ አልገጥም ሲላቸው ከሥር አንድ ፖስታ መዘው ለእኔ ዘረጉልኝ።

"ይሄ አንቺው ጋ ይቆይ።"

የእኔ ፖስታ ነበር። እሽጉ እንኳ አልተከፈተም።

"ዶክተር፣ ልጆቹ ጠዋት ሲፈተኑ እኮ..."

"ከመመሪያ ውጭ የተሠራ ነገር ጥናት አይባልም። መመረቅ ትፈልጊያለሽ አይደል?" አሉኝ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ሣጥኑን በጉልበታቸው ተጭነው እየዘጉ ነበር። "ደግሞ ዝርዝሩን ትናንት ለርዕሰ መምህሩ ሰጥቻለሁ። ለሚቀጥለው ዓመት ክፍል መደልደያ ቸግሮት ስለነበር በጣም ነው ያመሰገነኝ።"

ፖስታዬን ይዤ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጥኩ። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። ጠረጴዛቸው ላይ ማኅተም ያረፈበትን ዝርዝር አሳዩኝ፤ ፈጣኖች ወደ አንድ ክፍል፣ ዘገምተኞች ወደ ሌላ። "ልጄ፣ እኔም ልጅቷን አውቃታለሁ" አሉኝ። "ግን ይሄ ማኅተም አለው፣ ያንቺ የለውም። ነገ የበላይ አካል ቢጠይቀኝ በማን ቃል ለወጥኩት እላለሁ? ከዶክተሩ አንድ መስመር አምጪልኝ፣ ዛሬውኑ አነሣታለሁ።" በዚያ ዘመን ከማኅተም ጋር የተጣላ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ሁለታችንም እናውቃለን። ያችን አንድ መስመር አዲስ አበባ ተመልሼ ሁለት ጊዜ ጠየቅሁ። በሁለተኛው ጊዜ ዶክተር ሌላ አማካሪ እንድፈልግ መከሩኝ። ሦስተኛ አልጠየቅሁም።

ግን ከሁሉ የባሰው ይህ አይደለም። ከድሬ ከመመለሴ በፊት ባለው ቀን፣ ማምሻውን፣ ጋሼ ዩሱፍ ሽርጣቸውን እንዳገለደሙ በራችን ላይ መጡ። ግቡ ሲባሉ አልገባም አሉ። ዓይናቸው መሬት መሬቱን ያያል።

"አንቺ ጢሩ፣ እንደ ልጄ ነሽ። ወላሂ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ልጅቱ ጭንቅላቷ ልክ አይደለም ይላሉ። በመሣሪያ አየነው ይላሉ። እውነት ነው?"

ፖስታው ከኋላዬ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። "ሐሰት ነው፣ እቺው ልጅ ግቢዬ ውስጥ ሁሉንም በልጣለች" ማለት አፌ ላይ ነበር። መመረቂያዬ ታየኝ፣ ምደባዬ ታየኝ፣ የዶክተር ፊት ታየኝ።

"ዶክተሩ ነው የሚያውቀው፣ ጋሼ ዩሱፍ" አልኩ።

"እሱ ያውቃል ካልሽ፣ ያውቃል" አሉ። "ኸይር ነው። ሀዬ፣ ይሁን።" ሄዱ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ አበው። ይነቅዛል። ሰዓዳ በመስከረም ዘገምተኞቹ ክፍል ገባች። ከሁለት ወር በኋላ አባቷ "መንግሥት በመሣሪያ መርምሮ አትሆንም ያላትን ልጅ ምን አለፋታለሁ" ብለው አስቀሯት። እኔ ደግሞ በከሰዓቱ ውጤት ላይ የቆመ ቆንጆ ጽሑፍ ጻፍኩ፤ የቆላ ልጆች አእምሮ ፍጥነት ዝቅተኛ መሆኑን አስረዳሁ፣ ምክንያቱንም በተለያየ ንድፈ ሐሳብ ተነተንኩ። ከፍተኛ ማዕረግ አገኘሁበት። አጨበጨቡልኝ። አባቴ በሬ ሊጥል ምንም አልቀረው። ጽሑፉ ዛሬም ቤተ መጻሕፍታችሁ ውስጥ ይኖራል፤ አቧራውን አራግፋችሁ አንብቡት። ከዚያ በኋላ ሩቅ አገር ተመድቤ ሠላሳ ምናምን ዓመት አስተማርኩ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድም ልጅ ከሰዓት በኋላ ፈትኜ አላውቅም። ይህም ካሣ ተብሎ እንደሆነ!

ጡረታ ወጥቼ ድሬ የተመለስኩት በቅርቡ ነው። ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው በኩል የኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሉት ትልልቅ ጣሪያ ተሠርቷል፤ ሠራተኛ የጫነ አውቶቡስ ይመላለሳል፤ ቀትር ላይ ግን ከተማዋ ዛሬም ትተኛለች። ሰዓዳን ያገኘኋት አሸዋ ገበያ ነው። የጨርቅ ሱቅ አላት። ገና ሳልናገር "ጢሩ! አንቺ፣ ወላሂ አረጀሽ!" ብላ ከመደርደሪያው ጀርባ ወጥታ አቀፈችኝ። ቁጭ ብዬ ሳያት፣ አንዷን ደንበኛ በሱማልኛ እያሳቀች፣ ሌላዋን በኦሮምኛ እየተከራከረች፣ ለሦስተኛዋ የሠርግ ጨርቅ ስንት ክንድ እንደሚያስፈልጋት በቃሏ አስልታ ትቆርጣለች። ካልኩሌተር የላትም። ሱቁ ባዶ ሲሆንልን ሁሉንም ነገርኳት። ቆርቆሮውን፣ ገበያውን፣ ፖስታውን፣ ለአባቷ የመለስኩትን መልስ። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ትጩህብኝ ብዬ ጸልዬም ነበር።

ሳቀች። እጄን ይዛ ሳቀች።

"አቦ፣ አንቺ ደግ ነሽ። ልታጽናኚኝ ነው።"

"ሰዓዳ፣ እውነቴን ነው።"

"ዶክተሩ እኮ በመሣሪያ ነው ያየው። ማኅተም አድርጎ ነው የሰጠው። እኔ ራሴን አውቀዋለሁ፤ ለመነገድ ለመነገድ ይበቃኛል፣ ለትምህርት ግን ጭንቅላቴ አይሆንም። አባቴ አላህ ይርሐመውና በጊዜ ነው ያወቀልኝ።"

አለቀስኩ። እሷ አባበለችኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እዚህ የተወጋችው ወጊዋን ቁጭ አድርጋ ሻይ ታጠጣለች። ከዚያ ደስ ይበላት ብላ የልጅ ልጇን ወሬ አመጣችልኝ። ስሟ ኢማን ነው፤ ሰባት ዓመቷ፤ በመስከረም አንደኛ ክፍል ትገባለች። ሰዓዳ ለምዝገባ የወሰደቻት ራሷ ናት።

"ለአስተማሪዋ አስቀድሜ ነገርኳት" አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "በኔ ወጥታ ይሆናልና ብዙ አታስጨንቂያት፣ ከነዚያ ከደካሞቹ ጋር አስቀምጫት አልኩ።"

እንግዲህ፣ የትምህርት ክፍሉ ባልደረቦች፣ ትዝታዬ ይኸው ነው። የዶክተርን ፎቶግራፍ የፈለጋችሁት ገጽ ላይ አውጡት፤ እሳቸውም አፈር ሆነዋል፣ እኔም እየተከተልኩ ነው። እኔን ሰዓዳ አላመነችኝም፤ መብቷ ነው፣ ዋሽቼ አውቃለሁና። የእናንተን ማኅተም ግን ታምናለች። ያ ጥናት በስምንት ሰዓት በቆርቆሮ ቤት ተኝተው በነበሩ ሕፃናት ላይ የተሠራ መሆኑንና ውጤቱ የማይታመን መሆኑን በደብዳቤ ጽፋችሁ፣ ፈርማችሁ፣ ማኅተም አድርጋችሁ ላኩልኝ። አንድ ገጽ ይበቃል፤ እኔ በእጄ ወስጄ በአራቱም ቋንቋ አነብላታለሁ። ትምህርት የሚከፈተው በመስከረም ነው፤ ከዚያ በፊት ይድረስልኝ።